ፈቃድሽ ላይ ያለው ፊት

ለምወድሽ ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሥራና የመኖሪያ ፈቃድሽን ፎቶ አንስተሽ የላክሽው ደረሰን። አክስትሽ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳየች። ሰው ሲሄድ ግን መነጽሬን ተውሳ ፈቃዱ ላይ ያለውን ፊትሽን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እህል ትቀምሳለች?» አለችኝ። «ፎቶ አንሺው ነው የማይችልበት» ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ስለ ፈቃዱ ላመሰግን ለጸሎት እቆምና፣ ፊትሽ ትዝ ሲለኝ ቃሉ ይጠፋኛል። ምስጋናዬ ከልቤ አልሆነም መሰለኝ። እናትሽ ብትኖር ጠይቃ ታወጣጣሽ ነበር፤ እኔ አላውቅበትም።

አልከፈት ይል የነበረውን የክፍልሽን በር ሠራሁት። የመጣሽ ዕለት ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ የፈቃዱ ጊዜ ባያልቅም ግድ የለም።

ፈጣሪ ካጠገብሽ አይለይ።

አባትሽ