አባዬ መስኮቱ ስር የሚያስቀምጠው ወንበር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአባዬ ሳልስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም። ዛሬ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ፤ በተለይ ለእማዬ እንዳታወሪ፣ እሷ ጋ የገባ ወሬ ሰፈሩን ሳያዳርስ አያድርም።

የምሠራበት የቤት ዕቃ መደብር ዌብሳይት አለው፣ ሥራዬም እሱን መሥራት ነው አላልኩሽም? ደንበኛው የሳሎኑን ፎቶ ያስገባና የመረጠው ወንበር ያምርለት እንደሆነ ያያል። ገጹን ለከፈተ ሰው ሁሉ ሴሽን የምንላት ትንሽ ማስታወሻ መረጃ በምናከማችበት ዳታቤዝ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደመረጠ የምትይዝ። እኔ ሰነፏ ፎቶውንም እዚያችው ማስታወሻ ላይ ጫንኩት። ይባስ ብዬ በአንድ ቀን መጥፋት ሲገባት መቼም እንዳትጠፋ አደረግኳት።

ለምን ብትይኝ፣ ለአባዬ። የምሠራው እዚህ ነው ብዬ ካሳየሁት ወዲህ በየማለዳው ይገባል። ሳሎኑን እንደ አዲስ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ላይ አንድ ወንበር ያስቀምጣል፣ ሳይገዛ ይወጣል። እናንተ ጋ ድረስ ዕቃ እንደማናደርስ ያውቃል እኮ። እኔም ቢሮ እንደገባሁ ያን ፎቶ እከፍታለሁ። መጋረጃ መቀየራችሁን ያወቅሁት በእሱ ነው፤ ልጅሽም በጫማ ሶፋ ላይ ይወጣል፣ ተናገሪው። አጠገቤ የሚቀመጠው፣ በሆዴ ጆሮ ድፍን የምለው ባልደረባዬ፣ ማዳመጫውን አውልቆ አያውቅም። ስምንት ወር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስምንት ቃል አልተለዋወጥንም። እንደምን አደርሽ የሚለኝ ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሳንወጣ፣ ዳታቤዙ የስንቱን ሳሎን ተሸክሞ ይችላል፣ ሜሞሪው ሞላና ዌብሳይቱ ቀጥ አለ። አለቃዬ ሲመረምር ከሁሉ የከበደው ማስታወሻ የአንድ ሰው ሆነ፤ ሁለት መቶ ፎቶ፣ አንድም ግዢ የለም።

«ሰውዬው ቤት እየሠራ ነው ወይስ እየቀለደብን?» አለ።

አባቴ ነው ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ፊቴ ግን ተናገረ። አልጮኸብኝም። ፎቶ ከእንግዲህ ለብቻው በፋይል ይቀመጥ፣ ከአንድ ቀን አይለፍ፣ የቆየውን ሁሉ ዛሬውኑ በእጅሽ አጥፊ ብሎኝ ሄደ። ለራሴ ላስቀር አማረኝ፤ የደንበኛ ፎቶ መውሰድ ደግሞ ክልክል ነው።

ከማጥፋቴ በፊት ተራ በተራ አየኋቸው። ወንበሩ በየቀኑ ይለያያል፤ ቦታው ግን አንድ ነው፤ መስኮቱ ስር፣ እኔ ተቀምጬ አጠና የነበረበት። ሁለት መቶ ጊዜ መቀመጫዬን አሰናድቶልኛል። ከዚያ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው።

አሁን ዌብሳይቱ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አባዬ ግን ከማክሰኞ ወዲህ አልገባም። ተበላሸ ብሎ ተወው ወይስ ሳሉ ጣለው? ፎቶውን እንደማየው አትንገሪው፣ ያፍራል። ተሠርቷል በይው ብቻ።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያን ባለጫማ ልጅሽን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚው። እኔ በየጠዋቱ ጃኬቴን ሳላወልቅ አያለሁ፤ አባዬ የገባ ዕለት፣ መስኮቱ ስር ምን ዓይነት ወንበር እንዳኖረልኝ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ
ከምኖርባት አንዲት ክፍል
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን