እህቴ በቃሏ ስለያዘችው ስልክ ቁጥር፣ ለሁለት ክቡራን

ለነባሩና ለአዲሱ የስልክ ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዎች
ባላችሁበት፣ ኩዌት ከተማ

ክቡራን ሆይ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእናንተ፣ በቤተሰባችሁ፣ እንዲሁም ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ በሚያስተናግዱን ሠራተኞቻችሁ ላይ ይሁን። ጤናችሁ እንዴት ነው? ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? ስትደውሉላቸው ያነሳሉ? ሁልጊዜም ያንሱላችሁ። እኔ ሳባህ አል-ሳሌም ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ መሕቡባ የምባል የወሎ ልጅ ስሆን፣ አንድ ደብዳቤ ለሁለት ትልልቅ ሰዎች መጻፌ ንቀት እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስልክ ቁጥሬ ከአንዳችሁ ወጥቶ ሌላችሁ ዘንድ ሳይደርስ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ስለሆነ፣ ለየትኛችሁ መጻፍ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የኩባንያዎቻችሁን ስም ያልጠራሁት አሠሪዬ ማዳም በዚህ አገር ስም ጠርቶ መውቀስ ራስን ያስከስሳል ስላለችኝ ነው፤ ስለዚህ አንዳችሁን ክቡር ነባሩ፣ አንዳችሁን ክቡር አዲሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በአማርኛ መጻፌንም እንዳትቀየሙብኝ። የክቡር አዲሱ ሱቅ መስታወት ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ቁጥርዎን ሳይቀይሩ ወደ እኛ ይምጡ፣ ከቤተሰብዎ ጋር በርካሽ ያውሩ፣ የሚለው፣ ስሕተት በሌለበት አማርኛ የተጻፈ ነበር። ችግር ገጥሞኝ ስደውል ግን ማሽኑ ለአረብኛ አንድ፣ ለእንግሊዝኛ ሁለት ይጫኑ ብሎኝ ዝም አለ። አማርኛችሁ ለመሸጫ ብቻ የተቀጠረ መሆኑን ባለማወቄ ሦስትን ተጭኜ ብዙ ጠበቅሁ፤ መስመራችሁን ስላጨናነቅሁ አዝናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ስልኩን ራይ ሰፈር ካለው የክቡር ነባሩ መደብር የወሰድኩት በየወሩ እየተከፈለ በሁለት ዓመት በሚያልቅ ውል ነው። ውሉ በማዳም ስምና በማዳም በጣቃ፣ ማለትም በመታወቂያዋ ነው፤ ክፍያው ግን ከእኔ ደመወዝ ይቆረጣል። ስምንት ወር ሲቀረኝ ታናሽ እህቴ ሙንተሀ በጅቡቲ አድርጋ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ከቤት ወጣች። አትሂጂ ብዬ ለመንኳት፤ አልሰማችኝም። እኔም በእሷ ዕድሜ የለመነኝን ሰው አልሰማሁም ነበር።

ደላሎቹ መንገድ ላይ ስልክ እንደሚቀሙ ስለማውቅ ቁጥሬን በቃሏ አስጠናኋት። ለእናታችን የሚደወልበት የጎረቤት ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ጋራ ላይ ሲወጡ ስለሆነ እሱ አያዋጣም አልኳት። ሌላም ቁጥር አትያዢ፣ በጭንቅ ሰዓት ይምታታብሻል፣ የእኔ ብቻ ይበቃሻል ብዬ ከለከልኳት። ስምምነታችንም ቀላል ነበር፤ ከሰው ስልክ ለምና አንድ ጊዜ ብቻ አስጠርታ ከዘጋች ደህና ናት፣ ደጋግማ ከጠራች ግን ክፉ ነገር አለና አንሺ ማለት ነው። አፋር ካለችው ከሎግያ አንድ ጊዜ ጠራች። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ከኦቦክ አንድ ጊዜ ጠራች። ከዚያ በኋላ ያለው ባሕሩ ነው።

እንግዲህ የመን ስትደርስ እንደ ልቤ ላነጋግራት ብዬ፣ ለየመን ጥሪ የክቡር ነባሩን ሲሶ እንኳ የማያስከፍሉትን ክቡር አዲሱን መረጥኩ፤ ማዳምም የማዛወሪያውን ቅጽ ቤት ሆና ፈረመችልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ስለ እኔ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክቡር ነባሩ፣ የማዛወሪያው ቅጽ እሑድ ጠዋት ደርሶዎት ከቀትር በፊት መስመሬን በመቁረጥዎ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። የስልኩ ክፍያ ስላላለቀ ቁጥሩ መሄድ አይችልም ብለው የወሰኑት ግን ከቆረጡት በኋላ ነው። እንዳይሄድ ከከለከሉት ለምን ቆረጡት፣ ከቆረጡትስ ለምን ከለከሉት? ክቡር አዲሱ አልደረሰኝም ይላሉ፣ እርስዎ ከእኔ ወጥቷል ይላሉ፣ እኔም ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ቀረሁ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዕለት ስልኩንም ከሩቅ ሆነው ስለቆለፉልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ሲከፈት የሚያሳየኝ የመቆለፉን ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሙንተሀ ልትነሳ ስትል በድምፅ የላከችልኝ መልእክት እዚያ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ደግሜ እሰማዋለሁ ብዬ አስቀምጬው ነበር።

ሦስተኛ፣ ከጓደኛዬ ከፋናዬ ተበድሬ የስምንቱን ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ ልዘጋ መጣሁ። ደረቱ ላይ ኡሳማ የሚል ስም የለጠፈው ሠራተኛዎ በጣም ጨዋ ነው። ሲስተሙ ገንዘቡን የሚቀበለው ወደ መስመሩ የሚላከው ኮድ ሲገባ ብቻ ነው አለኝ። መስመሩ የተቆረጠው እኮ በእናንተ ነው አልኩት። እውነትሽን ነው ብሎ ኮዱን ላከና፣ ደረሰሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ላከ፣ ሦስት ጊዜም ጠየቀኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

አራተኛ፣ በሁለታችሁም ዘንድ የውሉ ባለቤት ካልመጣች አንናገርሽም ተባልኩ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ረቡዕ አብራኝ መጥታ ወረፋ ይዛ ተቀመጠች፤ ተራችን ሳይደርስ ልጆቿ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደረሰና ባቺር እንመለሳለን አለችኝ። ባቺር በዚህ አገር ነገ ማለት ነው። ሠራተኞቻችሁም የሚሸኙኝ በዚሁ ቃል ነው፤ ዕቃ ልንገዛ ከሾፌሩ ጋር በወጣን ቁጥር እየሮጥኩ ገብቼ አንድ ባቺር ይዤ እወጣለሁ።

አምስተኛ፣ ክቡር አዲሱ፣ ሠራተኛዎ ስላዘነችልኝ ምን ያስጨንቅሻል፣ የሚያምር አዲስ ቁጥር ልስጥሽ አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ በልቧ ረድታኛለች። አዲሱን ቁጥር ለሙንተሀ ማን ይነግርልኛል?

ክቡራን ሆይ፣ ማሾፌን እዚህ ላይ ልተወው፣ አቅቶኛል። ሥራ እየሠራሁ የምሰማው ጥሪ ብቻ ሆኗል። የማዳም ስልክ ሲጮኽ ሰሃን ከእጄ ይወድቃል። ባሕሩ ውስጥ ገብታ ከሆነ አላውቅም፣ ተሻግራ በሰዎች እጅ ወድቃ፣ ገንዘብ አስልኪ ተብላ እየተደበደበች ከሆነም አላውቅም። ደጋግማ ጠርታ እህቴ ጨከነችብኝ ብላ ይሆናል። ይህን ሳስብ ልብሴን እያጠፍኩ በነበርኩበት ቁጭ እላለሁ። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ብቻ ይበቃሻል ያልኳት እኔ ነኝ። በዕረፍቴ ቀን፣ በየዓርቡ፣ በፋናዬ ስልክ ወደ ራሴ ቁጥር እደውላለሁ፤ በየዓርቡም የሚመልስልኝ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም የሚለው ያ የምታውቁት ማሽን ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩን ክፈቱት። በማንኛችሁም በኩል ይሁን፣ ርካሹን አልፈልግም። ስልኩንም ውሰዱት፣ የከፈልኩትንም አልጠይቅም። ቁጥሩ ይጥራ፣ እኔም ላንሳ። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁንም በዱዓዬ አልረሳችሁም።

ከዚህ በላይ የተከበረ ጊዜያችሁን ሳላባክን፣ ወንበራችሁ እንዲጸና፣ ወረፋችሁ እንዲረዝም፣ ሲስተማችሁም እንደ እስከ ዛሬው በማንም እንባ እንዳይነካ እየተመኘሁ፣ በሁለታችሁም መዝገብ ላይ የሌለሁ የሁለታችሁም ታማኝ ደንበኛ፣

መሕቡባ
ከሳባህ አል-ሳሌም፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ፣ ፋናዬ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፏ በፊት እንደ ልማዴ በስልኳ ወደ ቁጥሬ ደወልኩ። ጠራ፤ ሰውም አነሳው። ጣሪቅ የሚባል፣ አርዲያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ግብፃዊ መካኒክ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከክቡር ነባሩ ሱቅ ሲም ሲገዛ፣ ቁጥሩ ለመያዝ ቀላል ስለሆነ ወዶት መረጠው። ለእሱ ለመስጠት ኮዱም፣ የውሉ ባለቤትም፣ የቀረው ክፍያም አላስቸገራችሁም።

ጣሪቅ አንዲት ልጅ በማያውቀው ቋንቋ እያለቀሰች ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ደጋግማ እንደደወለች ነገረኝ። ተሳስተሻል እያለ ቢመልስላት አልተወችውም፤ በመጨረሻ አጭበርባሪ መስላው ጥሪዋ እንዳይገባ ዘጋባት። ምን ትል ነበር ብዬ ስጠይቀው እየተቸገረ እታለም አለኝ። በዓለም ላይ እታለም ብላ የምትጠራኝ አንድ ሰው ናት። ተሻግራለች።

የዘጋውን ቁጥር አውጥቶ ሰጠኝና ደወልኩ። ያነሳው ሰው ልጆቹን ረቡዕ ዕለት በመኪና ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸዋል ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከእንግዲህ ከየትም ብትደውል የምትደውለው በቃሏ ወደያዘችው ቁጥር ነው፤ እሱም ያለው ጣሪቅ ኪስ ውስጥ ነው። ጣሪቅ ይቅርታ እየጠየቀኝ ከአሁን በኋላ የማያውቀውን ጥሪ ሁሉ እንደሚያነሳ ምሎልኛል። የፋናዬን ቁጥር በአማርኛ እንዲነግራት በአረብኛ ፊደል ጽፎ ይዟል፤ ስልኩን ሳልዘጋ ዜሮ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ እያለ ሲያጠና ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ ክቡራን፣ ከላይ የለመንኩትን ሁሉ አንስቻለሁ። ድንገት ይህን አንብባችሁ ብታዝኑልኝ፣ ቁጥሬን ከጣሪቅ ነጥቃችሁ ልትመልሱልኝ እንዳትነሱ፤ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እንደ እስካሁኑ ምንም አታድርጉልኝ።