ሁለት እታለም በአንድ ቤት

ውድ ልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፤ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ድምፁን ሰምቼ የቱ ላስቲክ እንዳለቀ እነግርሃለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። አራት ቀን ፈጀብኝ። ፊደል ከሳትኩ እለፈው፤ እጄ መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እናትህ ካረፈች በኋላ በስልክ «አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር የት ደረሰ?» ስትለኝ፣ «ሞቷል፣ ጣልኩት» አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። መኝታ ቤት፣ እሷ ባስቀመጠችው ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ አልብሼው ነበር። አንተ «እሺ» ብለህ ዘጋህ። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገርህ። እናትህ በመጨረሻ ሁለት ዓመቷ ከምሳ በኋላ ማንበብ ታስተምረኝ ነበር። አዎ፣ እኔን። ስድሳ ቧንቧ ሠራተኛ ያዘዝኩ ሰውዬ፣ ወረቀት በመጣ ቁጥር «መነጽሬን ረሳሁ» እያልኩ እንደኖርኩ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ብቻዬን ስሆን እንድደግመው ብላ ትምህርቱን ኮምፒውተሩ ላይ ትቀዳው ነበር። አርባ አንድ ትምህርት። በሁሉም ውስጥ እኔ እንደ ሕፃን ስንተባተብ አለሁ። አባትህን እንዲያ ሆኖ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ይኸው ነው።

ታዲያ ሰሞኑን እንደ ልማዴ ትምህርቱን ልሰማ ስከፍተው ከሆዱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እንዲህ ያለ ድምፅ አውቃለሁ፤ ዛሬ ነገ ሳይል የሚፈነዳ ነገር ድምፅ ነው። ፋይሎቹን ሳሎን ወዳለው፣ አንተ ወደ ላክህልኝ አዲሱ ኮምፒውተር ማሻገር ነበረብኝ። በፍላሽ እንዳላሻግር፣ የአሮጌውን መሰኪያ ዓምና ፍላሹን ገልብጬ ሰክቼ፣ እምቢ ሲለኝ በፒንሳ ገፍቼ ሰብሬዋለሁ። ይህንንም አልነገርኩህም። የቀረኝ በቤቱ ኔትወርክ ማሳለፍ ነው። አዲሱን የላክህልኝ ጊዜ፣ ገና ሳልዋሽህ፣ ሁለቱም ከራውተሩ ከተገናኙ ይተያያሉ ብለኸኝ ነበር።

አልተያዩም።

ሥራዬን እንደማውቀው ከምንጩ ጀመርኩ። የራውተሩ መብራት በርቷል። ገመዱን ከአንዱ ነቅዬ ለሌላው ሰካሁ፤ ደህና ነው። ፎልደሩን አንተ ያኔ በስልክ እንዳሳየኸኝ ሼር አደረግሁት። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ውኃው ከዚህ ይነሳል፣ እዚያ አይደርስም፤ መሐል ላይ ግን የሚያንጠባጥብ የለም። ሦስት ቀን እንዲህ ከሳሎን መኝታ ቤት ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ። በአራተኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችውን ሴትዮ ጠራኋት።

«እስቲ ይነሱልኝ አባባ፣ ልየው።»

«አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪና በአፍሽ ንገሪኝ። እጄ አልተቆረጠም።»

«ወይ ጉድ! እርስዎን ችለው የኖሩት ሴትዮ ጻድቅ ናቸው።»

አዲሱን ስከፍት ያቺ በየቀኑ የምትመጣ የፈረንጅ ጽሑፍ ብቅ አለች። ልዘጋት ስል ጮኸችብኝ።

«ቆይ፣ ቆይ! ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ እዘጋዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣ ጀምሮ።»

አነበበችው፤ ሳቋን መያዝ አቃታት። በቤቱ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ስም ይጠራል ነው የሚለው። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ የሚያገኘው የራሱን ስም ነው። «ለመሆኑ ማን ነው ስም ያወጣላቸው?»

እናትህና እኔ ነን። አሮጌውን እናትህ በቤት ስሟ «እታለም» ብላዋለች። አዲሱን ስንከፍት አንተ በስልክ «ስም ስጠው» አልከኝ፤ በፈረንጅ ፊደል መጻፍ የማውቀው ያቺኑ አንዲት ቃል ነው። ሌላ ባውቅም የምጽፍ አይመስለኝም።

«ሁለት እታለም በአንድ ቤት አይሆንም አባባ። አንዷ ትቀየር።»

«አትቀየርም!»

«እንግዲያስ ፋይሉ እዚያው ይሙት። እኔም ሱቄን ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከመኝታ ቤት ይሰማ ነበር።

የሳሎኑን ስም አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ስድስት ፊደል ነው፤ ስድስት ማዳበሪያ ጆንያ የተሸከምኩ መሰለኝ። «የእርስዎን ስም ላስጽፍዎት?» አለችኝ። «ያለው ሳሎን ነው፣ ሳሎን ይባል» አልኳት። እሷ ፊደሉን እየጠራች እኔ መታሁ። ጠፍቶ ሲበራ ከሳሎን ሆኜ መኝታ ቤት ያለችውን እታለም አየኋት፤ ፎልደሯም ተከፈተልኝ።

ማሻገሩ እስከ ከሰዓት ድረስ ቆየ። ሠላሳ ዘጠኙ አለፈ። ሁለቱ ሲቀሩ አሮጌው ጸጥ አለ፤ ብንለምነውም አልተነሳም። አሁን ሞቷል ብልህ እውነቴን ነው።

ሴትዮዋ አንዱን ከፍታ ሰምታ ምን እንዳሳፈረኝ ሲገባት፣ የእኔን ድምፅ ቆርጣ አውጥታ የእናትህን ብቻ ልታስቀርልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ዋናው እንዳይነካ በቅጂው እንሞክረው ብላ አንዱን ቆርጣ አሰማችኝ። እናትህ «በል እንደገና» ትላለች፤ ጸጥታ። «አይ አንተ ሰውዬ!» ትላለች፤ ጸጥታ። ሳቋ የለም። ሳቋ እኔ የሳትኩበት ቦታ ላይ ነው ያለው፤ እኔን ሲያወጡ እሱም አብሮ ይወጣል።

«ተዪው፣ እንዳለ ይሁን» አልኳት።

ፍላሹ ፖስታው ውስጥ አለ። ሰባተኛው ትምህርት ላይ «መንኰራኵር» የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ሳበላሸው እሷ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። እኔንም ትሰማኛለህ። ስማኝ።

ደክሞኛል፤ ላብቃ። ያሉብኝን ዕዳዎች ግን ራሴ እከፍላለሁ፤ አንተ እጅህን አታስገባ። ለሴትዮዋ የሱቋን የእጅ መታጠቢያ እጠግንላታለሁ። ያልተሻገሩት ሁለት ትምህርቶች ምን እንደነበሩ አስታውሼ በእጄ እጽፋቸዋለሁ። የአንተም አለብኝ። ልጅ ሳለህ መጽሐፍህን ይዘህ «አባዬ አንብብልኝ» ስትለኝ፣ «ሥራ አለብኝ፣ ሂድ ወደ እናትህ» ያልኩህ ቀን ብዙ ነው። ስትመጣ መጽሐፍ ይዘህ ና። ቀስ እያልኩ አነብልሃለሁ።

አባትህ