በሦስተኛ ማዕረግ መስኮት የተቀመጠችው

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1932

አንገቷ ላይ ንቅሳት ሣለላት! ከጆሮዋ ሥር እስከ ደረቷ፣ መስመር በመስመር። ሴትዮዋ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም፤ ከዋንዛ ስንጣሪ የተቀረጸች ናት። ባሌ ተሰማ ግን ከድመት ጭራ የነቀለውን አንድ ፀጉር ቀለም እየነከረ፣ ትንፋሹን ውጦ ሣለላት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የመጫወቻ ባቡሩን መጋረጃ እሰፋለሁ። አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

ማን እንደሆነች መች ጠፍቶኝ። ቢጫ ሻሽ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ አንገት፣ አገጭን በመዳፍ ደገፍ ማድረግ። ብርቅነሽ ናት፣ የበፊት ሚስቱ። እኔ ተሰማን ሳላውቅ በፊት እሷን ቂርቆስ ደጅ አውቃታለሁ፤ ደግሞ እሷን የማያውቅ ማን ነበር? ቆንጆ ነበረች። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያናድደኛል።

ጣሊያን በገባ ሰሞን «ነገሩ እስኪረጋጋ» ብላ ድሬዳዋ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ነገሩም አልተረጋጋ፣ እሷም አልመጣች። ኋላ ሽማግሌ ልካ «እዚህ ተስማምቶኛል፣ ይፍታኝ» አለች። ተሰማ ቆይቶ፣ ቆይቶ እኔን አገባ። ስለ እሷ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም። እኔም ጨዋ ነኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ጨዋነት ምን ዋጋ አለው፣ ይኸው በእንጨት መጣችብኝ።

ስለ ሥራው ልጻፍ፣ ንዴቴ ይብረድልኝ። ካዛንቺስ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ የሚኖር አንድ ሲኞር አለ፣ የቢሮ ሹም ነው። ካገሩ ያመጣው የቆርቆሮ ባቡር አለው፤ መጫወቻ ይባላል እንጂ የሚጫወትበት ትልቁ ሰውዬ ራሱ ነው። «የጅቡቲውን ባቡር አስመስልልኝ» ብሎ ለተሰማ ሰጠው። ተሰማ ለገሃር ፉርጎ ጠጋኝ አናጢ ነው፤ ትልቁን የሚያውቅ ትንሹ አያቅተውም። ሲኞሩ ከሥራ አስፈቅዶት ይኸው ቤታችን ኮላና ቬርኒች ሆኗል።

ከባዱ የኋለኛው ፉርጎ ነው፣ ከአንደኛ ማዕረግ ወደ ሦስተኛ መውረድ አለበት። ቆርቆሮው ላይ የታተመውን ለስላሳ ወንበር ፋቀው። የመስኮቶቹን ሥዕል በቆርቆሮ መቀስ ቆርጦ አወጣ። ከሲጋራ ሳጥን አግዳሚ ወንበር ሠራ። መስታወቱን ከፎቶ አንሺ ለምኖ ባገኘው አሮጌ ፊልም አበጀው፣ ምስሉን በሙቅ ውሃ አጥቦ። በሦስተኛው የእኛ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ በአንደኛው ባርኔጣ ያጠለቁ ነጮች። መደባለቅ ክልክል ነው። ሲኞሩ ለእንጨቶቹም ሕጉ ያው ነው ብሏል።

ሌሎቹን ተሳፋሪዎች አየኋቸው። አፍንጫ እንኳ የላቸውም። የእሷን ጥፍር ሳይቀር ሣለው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ደግሞ ይባስ አለ። ምሳ እየበላን፣ ጨው አቀብዪኝ በሚልበት ድምፅ፣ «ሲኞሩ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሯል፣ ሰኞ ይሄዳል። ባቡሩን እዚያ አብሬው ሄጄ እንድገጥምለት ይፈልጋል» አለኝ።

«እዚህ ገጥሞ አይወስደውም?»

«ሐዲዱ ጠረጴዛ ላይ ይቸነከራል። ጠረጴዛው ያለው እዚያ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«እኔ እንጃ። የማለፊያ ወረቀት ያወጣልኛል።»

ድሬዳዋ! ካለው አገር ሁሉ ድሬዳዋ። ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተነሥቶ ወደ ቀለሙ ሄደ። እኔ መሶቡን ከደንኩ።

ለጎረቤቴ ለእትዬ ጀሚላ ነገርኳቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ የመጋረጃውንም ቁራጭ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። «አትሂድ በይዋ! አፍ የለሽም?» አሉኝ።

አፍማ አለኝ። «አትሂድ» ስለው «ለምን?» ይለኛል። ከዚያ ስሟን እኔ ልጠራ ነው። አልጠራም። እሱ ይጥራው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያጥን ዋለ። እኔም ጠርጌ፣ አሮጌ ሰሌኑንና ገለባውን ከግቢው ጥግ ከምሬ እሳት ለኮስኩ። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም።

ያደረግኩትን እጽፈዋለሁ። ተሰማ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ከመስኮቷ ሥር ነቅዬ አመጣኋት። ኮላዋ ገና አልጠነከረም ነበር። በሽታው ሁሉ በሚቃጠልበት ቀን የእኔም ይቃጠል አልኩና እሳቱ ጋ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ እጄን ዘረጋሁ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩ። ፊት አላት። ፊት ያለው ነገር እንዴት ይጣላል? መቀነቴ ውስጥ ከተትኳት።

በዚህ መሀል ጭሱ ወደ ቤት ገባ። ተሰማ እየሮጠ መጣ፤ ጥላሸቱ እርጥቡ ቀለም ላይ ሊያርፍ ነው። ነጠላዬን መንጭቆ አንደኛው ማዕረግ ላይ ጣለ፤ የሦስተኛውን ማዕረግ ጣሪያ ደግሞ ውስጡን ሳያይ ኮላ ቀብቶ ገጠመው። በኋላ በመስኮቱ ሲያይ ቦታዋ ባዶ ነው።

መፈለግ ጀመረ። ወንበር ሥር፣ ምንጣፍ ሥር፣ የመጋዝ ብናኙን በጣቱ እየበተነ። «አንድ ሰው ጠፍቶብኛል» አለኝ።

«የትኛው?» አልኩት።

«አንዷ» አለ።

አንዷ! ወገቤ ላይ ሆና እየወጋችኝ ነበር።

እያመሸ ሲሄድ አሳዘነኝ። ማሳዘኑም ያናድደኛል፤ እኔ ብጠፋ እንዲህ በአራት እግሩ ይፈልገኛል? ለማንኛውም ልመልሳት ቆረጥኩ። የሦስተኛው ጣሪያ ተጣብቋል። ክፍት የቀረው አንደኛው ማዕረግ ብቻ ነው። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ እዚያ አስቀመጥኳት። ጠዋት ሲያገኛት ራሱ እዚያ የጣላት ይመስለዋል፣ አውጥቶም ቦታዋ ይመልሳታል ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13



ገና በማለዳ የሲኞሩ ዘበኛ በሩን ደበደበ፤ ጌታው ባቡሩን አሁኑኑ ማየት ይፈልጋል። ተሰማ ኮላውን አሙቆ የአንደኛውን ጣሪያ ደፈነው። ውስጡን አላየም። እኔ ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር፤ ዞር ስል አልቋል። አፌን ከፈትኩ፣ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። ምን እላለሁ?

ሣጥኑን ለሁለት ተሸክመን ካዛንቺስ ወጣን። መንገዱን ሁሉ እግዚኦ እያልኩ ነበር። ሲኞሩ በረንዳው ላይ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ብርሃን ያያል። «ቤሎ፣ ቤሎ» እያለ ያደንቃል። ሦስተኛውን አየ፣ ሳቀ። አንደኛውን አነሣና ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ይታየኛል። ባርኔጣ ካጠለቁት ነጮች መሀል፣ ቢጫ ሻሿን አስራ፣ አገጯን ደግፋ፣ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ባማርኛ ነው የጠየቀው፣ በደህናው ጊዜ ባማርኛ አይናገርም። በቀልድ ሰው የሚታሰርበት ዘመን ነው። ተሰማ ጎንበስ ብሎ አያት። ፊቱ አመድ ሆነ። ያኔ ለእሷ የነበረኝ ቅናት ሁሉ ጠፍቶ ለእሱ ብቻ ፈራሁ።

«ሞግዚት ናት፣ ሲኞር» አለ ተሰማ። «የልጅ ሞግዚት። አገልጋይ።»

ሲኞሩ ፉርጎውን አዟዟረው። «ልጁስ የት አለ?»

«ገና አልሠራሁትም።»

«ልጅ ትያዝ። ሽርጥም ይኑራት። ለቅዳሜ!»

ስንመለስ እስከ ቂርቆስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልታሳስሪኝ ነበር እኮ።»

«መች አስቤው! የእሷ ጣሪያ ተጣብቆ ነው። አንተስ? እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ መጋረጃ ስሰፋ፣ አንተ እሷን ትሥላለህ?»

ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ደስ ባለኝ። «መጨረሻ ያየኋት ስትሄድ፣ ሦስተኛ ማዕረግ መስኮት ላይ ነው» አለኝ። «ያንን ፉርጎ ስሠራ መስኮቱ ባዶ አልሆን አለኝ።»

«እኔንስ የት አስቀመጥከኝ?»

«አንቺማ ቤት ነሽ» አለ። ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ልደሰት ወይስ ላልቅስ?

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጣሪያውን በእንፋሎት አላቅቆ አወጣት። ልጁን ቀረጸ፣ ፊቱን ነጭ ቀባው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። ሽርጡን የምሰፋው ግን እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ማን አለ? ከመሐረብ ጫፍ ጥፍር የምታህል ቆረጥኩ።

ለጣውንት ልብስ ስሰፋ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያቺ ኩሩ ብርቅነሽ የነጭ ልጅ ታቅፋ፣ ሽርጥ ታጥቃ! ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝም ነበር፣ አልዋሽም። ስጨርስ ግን አስጠላኝ። እሷን አንደኛ ማዕረግ ያስገባኋት እኔ፣ አገልጋይ ያደረጋት ደግሞ የእኔ ጥፋት።

ሽርጡን ከፍ አድርጌ እስከ አንገቷ ሰፍቼው ነበር። ተሰማ አየና «ንቅሳቱን ሸፈንሽው እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሞግዚት ንቅሳት ምን ያደርግላታል?»

ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ቆየሁና ፈትቼ ዝቅ አደረግኩት። ለምን እንደፈታሁት እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15፣ ቂርቆስ

ጾም ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተሰማ ባቡሩን አሳይቶ መጥቷል። ሲኞሩ ወዶታል። የማለፊያ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና መደቡ ላይ አስቀመጠው፤ ማኅተም አለበት።

«ሰኞ ነው» አለ።

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ቃል አለኝ? እሺ! ምላሴን በቆረጠው።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ስንቅ አዘጋጀሁ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በርበሬ በእራፊ፣ አንድ የታጠበ ሸሚዝ። ሸሚዙን ማጠቤ ቆጨኝ፤ ለማን እንዲያምር ነው? አሮጌውን ልክተትለት አልኩና እሱም እልህ ሆነብኝ። አዲሱን መልሼ ከተትኩ።

እትዬ ጀሚላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ነገርሽው?» አሉ። «አልነገርኩትም» አልኳቸው። «እንግዲያው ዝም ብለሽ ስትበግኚ ኑሪ» ብለውኝ ገቡ።

እራት ላይ ወጣልኝ። ምንም ሳላሳምር፣ «ብርቅነሽ አለችና አትሂድ» አልኩት። ስሟን እኔው ጠራሁት። ተሰማ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። ደንግጦ ይሁን ተቆጥቶ አላወቅኩም። «ብዪ፣ ብዪ» አለኝ ብቻ። ሂድም አልሄድም የለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ለገሃር ሸኘሁት። ማለት፣ ልሸኘው ሄድኩ።

ስንቁን እኔ ይዣለሁ፣ እሱ የባቡሩን ሣጥን። ሲኞሩ ቀድሞ አንደኛ ማዕረግ ገብቶ በመስኮት ያያል። ተሰማ ሣጥኑን ለሲኞሩ ዘበኛ አቀበለው፤ ከዚያ እሱም ገባ። ገባ! አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ሣጥኑን ከፍቶ ሐዲዱ እንዴት እንደሚገጠም ለዘበኛው በእጁ ያሳያል። ለሲኞሩ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ሲኞሩ እጁን አወናጨፈ፣ ጮኸ። የማለፊያ ወረቀቱን ከተሰማ ተቀበለው። ፊሽካው ሲነፋ ተሰማ ወረደና አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ምን አልከው?»

«ሚስቴ ታማለች አልኩት።»

«እኔ መች ታመምኩ?»

«ያየናል፣ ትንሽ ታመሚ እንጂ!»

ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ አቃሰትኩ። ሳቄ ነበር የመጣው። ያንን ያህል ቀን ስበግን ከርሜ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ በሽተኛ ስሆን!

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አንደኛው ማዕረግ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሲመጣ የተሰማ ዓይን መስኮት በመስኮት ይከተለው ጀመር። ሴት፣ ወንድ፣ ልጅ፣ ሴት። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ አንገቱን አላዞረም። ጭሱ ብቻ ሲቀር ወደ እኔ ተመለሰ።

«የፉርጎውን ደረጃ ብረት በአዲስ ቀይረውታል፣ አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት።

ብረት አላየሁም። እሱን ነበር የማየው።