ሁለተኛው ምት

ይድረስ ለወንድሜም ለአባቴም ለሆኑት ለጋሼ ወልደአማኑኤል፣ አሰላ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ብርዱ ሲበረታ ዛሬም ይጠዘጥዝዎታል? ሁዳዴውስ እንዴት ይዞዎታል? ሐኪሙ ጾሙ ይቅርብዎ ቢልም እንደማይሰሙት አውቃለሁና፣ ባለቤትዎ እትዬ ተረፈች በምሳ ሰዓት ቆመው እንዲያበሉዎ አደራ ብያቸዋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። ባለቤቴ ሔኖክ አሁንም አውቶቡሱን ይነዳል። እኔም እዚያው አረጋውያን ቤት የጠዋት ሺፍት ላይ ነኝ። ትንሹ ራጉኤል ጥርሱ እየወለቀ ሲስቅ የሚያስቅ ሆኗል።

በአካል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ስደውል «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ብለውኝ ነበር፤ ኔትወርኩ ነው ብዬ ሸፋፈንኩት። በስልክ የሚወራ ስላልሆነልኝ ለፋሲካ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ይህን ልኬልዎታለሁ።

ነገሩ ስለ ልጄ ስለ ትሕትና ነው። እዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ካምፕ ይወስዷቸዋል። ተራራ ሥር ድንኳን ተክለው ያድራሉ፣ በገመድ ገደል ይወጣሉ፣ ወንዝ ላይ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ልጅ ራሱን እንዲችል ነው ይላሉ። የኔዋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልትሄድ ሰሞን እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ነበር። ሰንሻይን ዌስት ከሚባለው ሰፈር የሆነች ላሊሴ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ አንገቷን የደፋች፣ ዋና የማትችል። እናቷ አልልክም ብላ ነበር። «እኔ አለሁላት» ብላ ያግባባቻት ትሕትና ናት።

ብሮዲ የሚባል የክፍላቸው ልጅ ገና ከአውቶቡሱ ጀምሮ ላሊሴን ያዛት። እንግሊዝኛዋን እየቀዳ ያላግጥባታል፣ ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ይከታል። ለአስተማሪ ቢነገርም «ተዋት» ተብሎ ታለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ታንኳዎቹን ወደ ዳር ሲጎትቱ አንዱን ተማሪ እግሩን ወለም አለውና አስተማሪዋ እሱን ደግፋ ወደ ድንኳኖቹ ወጣች። ልጆቹ ብቻቸውን ቀሩ። ያኔ ብሮዲና ሁለት ጓደኞቹ ላሊሴን ከበው «ዋና እናስተምርሽ» አሏት። ሁለቱ ጓደኞቹ እጆቿን ጠመዘዙ፤ እሱ ሹሩባዋን በመዳፉ ጠቅልሎ ፊቷን ውሃ ውስጥ ደፈቀው። አወጣት፣ ጮኸች፣ መልሶ ደፈቃት። ቆመው የሚያዩት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ዝም አሉ። ትሕትና ልቀቃት እያለች ብትጎትተው በክርኑ ደረቷን መትቶ ጣላት። ስትነሳ የላሊሴ እግር መንፈራገጡን ሲተው አየች።

የኔ ልጅ መቅዘፊያውን አነሳችና ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። ለቀቃት፤ ድንጋዩ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለቱ እግሬ አውጪኝ አሉ። ላሊሴ እየዳኸች፣ ውሃ እየተፋች ወጣች። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ በእልልታ እጽፈው ነበር። ትሕትና ግን መቅዘፊያውን ደግማ አነሳችና ፊቱን መታችው። መንጋጋው ተሰበረ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ ድንጋዩ በደም ተለቀለቀ።

እኔ ሥራ ላይ አንዲት አዛውንት ሾርባ ሳጎርስ ነው የተደወለልኝ። «ልጅሽ ሰው ጎድታለች» አሉኝ። ሔኖክ መኪናውን ሲያበር ስንት መታጠፊያ እንዳለፍን አላውቅም። የካምፑ ማእድ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ አገኘናት። እጅጌዋ ላይ የደረቀ ደም ነበር። «የኔ አይደለም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። አባቷ ታሪኩን ሲሰማ «እሰይ! አበጀሽ ልጄ!» አላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ጠራን፤ ርእሰ መምህሩ፣ አንዲት ፖሊስ፣ የብሮዲ እናት፣ እኛ። ከብሮዲ ሁለት ጓደኞች አንዱ ሁሉንም አምኖ ስለነበር ነገሩ ወደኛ አጋድሏል። ብሮዲ «እጄን አንስቼ በቃኝ ብያት ነበር» ብሏል፤ ሰው ሲያሰጥም የተያዘን ልጅ ግን ማን ይመነው? ርእሰ መምህሩ ጓደኛዋን ያዳነች ልጅ አትቀጣም አሉ። ሔኖክ ኮቱን አንስቶ ሊወጣ ሲል ትሕትና «ብሮዲ አልዋሸም» አለች። ሁላችንም ዞርን። «የመጀመሪያው ለላሊሴ ነው። ሁለተኛው ግን እሷ ከወጣች በኋላ ነው። እጁን ሲያነሳ አይቻለሁ። ልመታው ስለፈለግሁ ነው የመታሁት።»

የብሮዲ እናት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይህን ሲነግረኝ እኔ እናቱ እንኳ አላመንኩትም» ብላ አለቀሰች።

ብሮዲ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ፤ ጉዳዩም የልጆች ፍርድ ቤት ደርሷል። የኔዋም ለጥቂት ጊዜ ከክፍል ታገደች፣ ፖሊስም ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ሔኖክ መኪና ውስጥ «ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ጮኸባት። የላሊሴ እናት ደግሞ ደውላ «ልጅሽ ልጄን ላሰጠመ ነው የምታዝነው?» ብላ የአፏን ነገረችኝ፤ አልፈርድባትም። ልጇ ዛሬም ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በውሃ አትታጠብም። ላሊሴ ራሷ ግን በየቀኑ እኛ ቤት ትመጣለች፤ ሶፋው ላይ ተደጋግፈው ቴሌቪዥን ያያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ትሕትና ብሮዲን ማየት እፈልጋለሁ አለች። እናቱን አስፈቅጄ ይዣት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ። መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ ጉንጩ ሟሟል። ጋሼ፣ ልጅ እኮ ነው! ትሕትና ልትጨብጠው እጇን ስትዘረጋ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በሁለት ክንዱ ፊቱን ከለለ። እጇ በአየር ላይ ቀረ። እጇን ሰብስባ «ላሊሴም ውሃ ስታይ እንደዚህ ትሆናለች» አለችው። መናገር ስለማይችል ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው ግን ወረደ። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔዋም ተንሰቀሰቀች። «እማዬ፣ ይሄ ነገር ይለቃል?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አምጥቼዋለሁ። እርስዎ ግንባር ነበሩ። ከዚያ ሲመለሱ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ሰው ከኋላዎ ሲመጣ እንዴት ይሆኑ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጠይቄዎት አላውቅም፤ አሁንም ለኔ ይንገሩኝ አልልም። ለእሷ ግን ይጻፉላት። ቀስ ብላም ቢሆን አማርኛ ታነባለች። አያባብሏት፣ ይገባታል። የሚያውቁትን ብቻ ይንገሯት።

እትዬ ተረፈችን ሁለት ጉንጫቸውን ሳምኩ በሉልኝ። ልጅዎ ሩቤል ፈተናው ቀንቶት እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዓለምጸሐይም ዓይናቸው እንዲሻላቸው እንጸልያለን። ሔኖክ እጅ ይነሳል፤ ከልጁ ጋር መነጋገር ጀምሯል። ራጉኤል የወለቀ ጥርሱን ለእርስዎ ካልላክሁ ብሎ በግድ ነው የነጠቅሁት። ትሕትናም ጉልበትዎን ትስማለች። የጻፍኩትን አንብቤላታለሁ፤ አንድም ቃል አውጪ አላለችኝም።

እህትዎ ማርያማዊት
ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.