የዓርብ ፈተና

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዛሬም ዝናብ። አጃው አረረብኝ። የቤት ትምህርታችንን ልንጀምር መጻሕፍቱን እስካወጣ ካዲ ቀዩን ከለር ቆርጥማ በልታዋለች። የሁለት ዓመት ልጅ ምን ታድርግ... አፏ ቀልቶ ትስቃለች። ማብሊ ማባዛቱን ጨርሳ «ሌላ ስጪኝ» ትላለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ ባልኖርም ትማራለች። ኢዋን ግን ስድስት ሞልቶት አሁንም «ቢ»ን «ዲ» ይላል።

«የ‹ቢ› ሆዷ ወዴት ነው የዞረው?» አልኩት።

«ወደ መስኮቱ።»

ሳቅኩ። ወዲያው የአባታቸው የዓርብ ፈተና ትዝ አለኝ፤ ሳቄ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ጮህኩበት። ጣቱን ይዤ ፊደሉ ላይ ተጫንኩት፣ ጥፍሩ እስኪነጣ። «እይ እንጂ! ዓይን የለህም?» ሱሪው ላይ ሸና። ማብሊ አፍንጫዋን ያዘች።

አባቱን ፈርቼ ነው ልጄን የማስፈራራው? ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኔ፣ ዓርብ እሱ... ልጁ የሚያርፈው መቼ ነው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

አባታቸው ጌቲን መጣ። ሳምንቱን ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲጠግን ከርሞ፣ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ጀመረ።

«እስቲ ተማሪዎች!»

ማብሊ አንበለበለችው፤ ቸኮሌት ተሰጣት። ኢዋን ገና ከመጀመሩ ተደናቀፈ።

ማብሊን «አንቺ ንገሪው» አላት። ነገረችው። «በል፣ አመሰግናለሁ መምህርት በላት።» ኢዋንም አላት።

እራት ሲቀርብ ወንበሩን ከሥሩ ሳበው። «ፊደል ያልቆጠረ ቆሞ ነው የሚበላው።» ዓሣውን ቆሞ በላ። እኔስ? ድንች ጨመርኩለት። ያደረግኩት ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዘዴ አገኘሁ። ከማንበቢያ መጽሐፉ የዳክዬዋን ገጽ በቃሉ አስያዝኩት። ካልሲ እያጣጠፍን እኔ እላለሁ፣ እሱ ይደግማል። ጆሮው ጉድ ነው! ጣቱን በየቃሉ ሥር እንዲያስኬድም አሳየሁት።

«እማ፣ ይሄ ማንበብ ነው?»

«ለዓርብ ይበቃል» አልኩት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ልጻፈው...

ኢዋን ገጹን ከላይ እስከ ታች አለው። ጌቲን ብድግ አድርጎ ጣሪያ አስነካው። «የኔ ልጅ! የኔ አንበሳ!» ኢዋን እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ወንድሙ ጋ ደወለና ስልኩን ፊቱ ላይ ደገነ። «አጎትህ ይስማህ፤ ቀጥል» ብሎ ገጹን ገለበጠ።

ኢዋን ጣቱን አዲሱ ገጽ ላይ አድርጎ ስለ ዳክዬዋ ያንኑ ይል ጀመር። ሥዕሉ ላይ ያለው ጋሪ ነው።

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ጌቲንም ሳቀ። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ማነው እንዲህ ያስተማረህ?»

«እማ።»

«እናትህ ደደብ መሆንህን ስላወቀች ውሸት አስተማረችህ። ገባህ?»

ኢዋን ዞሮ አየኝ። «እውነት ነው ወይ?» ነው የሚለው ዓይኑ። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ከዓርብ ጀምሮ ኢዋን አይናገርም። ሲርበውም በጣቱ ነው የሚያሳየው። ጌቲን ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ተከትዬው ገባሁ።

«ትምህርት ቤት እናስገባቸው። እለምንሃለሁ።»

«እኔን የቆሻሻ ቅርጫት ራሴ ላይ ደፍተው ክፍል ለክፍል አዙረውኛል፣ ሄሌድ። የኔ ልጆች እዚያ አይረግጡም። ስንቴ ልንገርሽ?»

«አውቃለሁ። ቅርጫቱን እኮ ኢዋን ላይ እዚሁ ቤት ደፋህበት።»

የሻንጣውን ዚፕ ዘጋ። «የማስተማር አቅሙ የሌለሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። ልጆቹን ሳይስም ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሦስቱንም ይዤ የመንደሩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህርት ፒው ኢዋን ፊት ቁጢጥ አለች። «ስምህ ማነው?» ዝም። «እሺ፣ ሲመችህ ትነግረኛለህ» አለችው። ማብሊ ቀደመችና «እሱ ማንበብ አይችልም፣ ደደብ ነው» አለች፣ በአባቷ ድምፅ። መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከትምህርት ቤቱ የአንድ ሳምንት ዕረፍት በኋላ ይጀምራሉ። ለጌቲን አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ደወለ። የባሕሩ ሥራ ተራዝሟል፤ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ ከደስታ። ባል መቅረቱ እንዲህ ያስደስታል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማብሊ ተጣብቃኝ አነባች። ታለቅሳለች ብዬ ያልጠበቅኩት እሷን ነው። ኢዋን እጄን ለቀቀ። ልስመው ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም ብሎ የከረመ ልጅ፣ የመጀመሪያ ቃሉ፦

«አንቺ አትግቢ።»

አልገባሁም። ካዲን በጋሪ እየገፋሁ ስመለስ ዝናቡ ፊቴን መታኝ። የሚገባኝ ነው።

ከሰዓት ልወስዳቸው ስሄድ መምህርት ፒው ፊደል የሚያምታታባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፣ ጊዜ እንጂ ቁጣ አያስፈልግም አለችኝ። «ቤት ውስጥ ማን ነበር የሚያስተምረው?» «እኔ» አልኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ልጆቹን ቀድሜ አበላኋቸው። ጌቲን ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለው የእሱ ሳህን ብቻ ነው።

«ተማሪዎቹስ?»

«በልተው ወጥተዋል፣ ፎቅ ላይ ናቸው።»

«ጥሪያቸዋ። ኢዋን! መጽሐፍህን ይዘህ ና!»

ደረጃው ላይ ቆምኩ። «አይመጣም። ትምህርት ቤት አስገብቻቸዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እየሄዱ ነው።»

ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» አለ።

የምር ነው የጠየቀኝ። «ልጆችህን ልታይ ነዋ» ማለት አቃተኝ፤ እሱም አላሰበውም። ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ወንድሙ ጋ ይሆናል የሚያድረው።

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ኢዋን ወረደ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ይመለሳል?»

«አላውቅም፣ የኔ ጌታ።»

«ዳቦ አለ?»

ቅቤ ቀባሁለት። ከእጄ ተቀበለኝ፣ ግን ርቆ ሄዶ ነው የበላው።