ቢጫው በር

ራግድ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ሰኔ ማብቂያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? የጀልባህን ጤና አልጠይቅም፤ ከኔ የተሻለ ሐኪም እንዳላት ሰምቻለሁ። ባለፈው በጋ እዚህ ያቆምካት ጊዜ ገብቼ አይቻታለሁ። ሦስት ስክሪን፣ አንድ ማሞቂያ፣ የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር! አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ገመድ በጎተተበት ባሕር ላይ አንተ ተቀምጠህ ትሽከረከራለህ። አልቀናሁም። ባለቤቴ ዱልሲ ግን፣ “የዚያን ቀን ሻይህን በስኳር ፈንታ በጨው አማስለህ እስከ ጠብታው ጨልጠኸዋል” ትለኛለች።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኮድ ዓሣው አልቆ መንግሥት ባሕሩን ለኮድ አጥማጅ ሲዘጋ አንተ ወደ ሸርጣን ዞርክ፤ እኔን ግን “አዲስ ሙያ ተማር” ብለው ፀጉር ቆራጭ አደረጉኝ። የዓሣ አንጀት ሲዘረግፍ የኖረ እጅ መቀስ ያዘ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ስለሄደ የቀረው ሁሉ ራሰ በራ ነው። ያለኝ ደንበኛ ጎረቤታችን ሽማግሌው አምብሮስ ብቻ ነው፤ እሱም የሚመጣው ለወሬ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ወሬው ነው።

መጀመሪያ ግን ልናዘዝ። አባታችን ሊሞት ሲል እኔን “ውኃ አምጣ” ብሎ ልኮ፣ ኮዱ የሚገኝበትን ቦታ ምልክት በጆሮህ ነገረህ። ብርጭቆዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አይቻችኋለሁ። እኔ የበኩር ልጅ ውኃ ቀጂ፣ አንተ ወራሽ! ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከገደሉ ባሻገር ጀልባህን ታቆምና ፊትህን ወደ ቤቴ ታዞር ነበር። ወደ ቤቴ! ዱልሲም በመስኮት ብቅ ብላ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ታውለበልባለች። “ለማን ነው?” ስላት፣ “እያራገፍኩት ነው” ትለኛለች። በየማለዳው የሚራገፍ ጨርቅ ሰምተህ ታውቃለህ?

እናም በረዶው እንደቀለጠ ሁለት ባልዲ ግራጫ ቀለም አምጥቼ ቢጫውን ቤቴን ከነ በሩ ጭጋግ አስመሰልኩት። ዓይንህ ማረፊያ ይጣ ብዬ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ባዶ ጀልባ ይዘህ ትገባ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ “ጋሼ፣ ቢጫው ምን በደለህ?” አልከኝ። “ቢጫ ሲያዩ የሚፈዙ ሰዎች በዙብኝ” አልኩህ። ፊትህ ገረጣ፤ እኔም መገርጣቱን ማስረጃ አደረግሁት። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጀልባ አልተቀመጥንም።

ባለፈው ሐሙስ የአምብሮስን ሦስት ፀጉር እያስተካከልኩ ስክሪኖችህን ሳማ፣ ሽማግሌው ሳቀብኝ። “አባትህ ስክሪን ምን ያደርግለታል? ባሕር ላይ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን የደወል ማማ ከጥቁሩ አለት አናት ላይ ያስተካክላል፤ ያንተ ቢጫ በር ከገደሉ ጫፍ ብቅ ሲል ኮዱ ላይ ደርሷል፤ መልሕቁን ይጥላል። አለቀ!” አለኝ። “ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረኝም?” ስለው፣ “አንተማ ‘ኮዱ ያለው በኔ ደጅ ነው’ እያልክ ወደቡን ሁሉ ታደነቁር ነበር” አለኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

ወንድሜ፣ አባታችን በየሁለት ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ቤቴን ቢጫ ሲቀባልኝ፣ ከአንተ አብልጦ ቢወደኝ ነው እል ነበር። ለካስ ለኮዱ ኖሯል! በሰውም በጀልባም በወንበርም ቀንቻለሁ፤ በዓሣ ስቀና ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የወደቡን ኮድ የጨረሱት የባሕሩን ወለል የጠረጉት ትልልቅ መርከቦች ናቸው፤ ያንተን ግን አራት ዓመት ቀድሜ በሁለት ባልዲ ቀለም የጨረስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። አንተም አፍ አውጥተህ ብትጠይቀኝ ምስጢሩ ይወጣል ብለህ ዝም አልክ። እኔ ብሆን አንድ ቀንም አልችለውም ነበር።

ለዱልሲ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “ይህን ሁሉ ዓመት የቀናኸው በበር ነው?” አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ጨርቋን እያጠፈች፣ “የሚያየው በሩን ብቻ ነበር?” አለችኝ። “በሩን ብቻ” አልኳት። ጨርቋን መሳቢያ ውስጥ ከታ እራት ልትሠራ ሄደች። በማግስቱ ቢጫውን ቀለም ራሷ መርጣ አመጣች፤ መሰላሉ ላይም የወጣችው ራሷ ናት።

ቅዳሜ ባሕሩ ለኮድ ይከፈታል፤ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ኮድ ፈቅደዋል። ና። ስክሪኖችህን እዚያው ተዋቸው። የአባታችንን አሮጌ ጀልባ ስንጥቋን ደፍኜ ቅጥራን ቀብቻታለሁ። ቀዛፊው እኔ ነኝ። ስንወጣ ቀዛፊ ፊቱ ወደ ምድር ነው፤ አንተ ከኋላ፣ ጀርባህን ለቤቴ ሰጥተህ ትቀመጣለህ። በሩ ብቅ ሲል እኔ እነግርሃለሁ። በመስኮት ጨርቅ የሚያውለበልብ ካለም እኔው አይልሃለሁ።

ገመድህ አይበጠስ፣ ጉልበትህ ይጽና፣ ጭጋግ ከመንገድህ ይራቅ።

ውኃ ቀጂው ታላቅ ወንድምህ